የሌለ አገር ጨረቃዎች

ሰው ቤቱን ያድሳል፤ አጥሩን ያጠብቃል፤ የአባቱን መቃብር ያሠራል። ሰማይን የሚያድስ ሰው ግን ተሰምቶ አይታወቅም። እኔ በቀን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ገቢና ወጪ ደብዳቤ እየመዘገብሁ፥ ማታ ደግሞ የአንድ የሌለ አገር ሁለት ጨረቃዎችን በማደስ ብዙ ጊዜ አሳልፌአለሁ ብል አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል። ፈገግታውን አልቃወምም፤ ፍርዱን ግን ነገሩን እስኪሰማ ድረስ ያቆይልኝ።

አገሩ ስካይሪም ይባላል። ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኅዳር 1 ቀን 2004 ዓ.ም. ለገበያ ያወጣው የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ በረዶ በለበሰ የሰሜን አገር ውስጥ እንደ ልቡ ይዘዋወራል፤ ሌሊት ቀና ብሎ ቢመለከት ሁለት ጨረቃዎች ያያል። ትልቋና ቀላ ያለችው ማሰር፥ ትንሿና ነጣ ያለችው ሴኩንዳ ትባላለች። (የትልቋ ስም በቋንቋችን የሚሰጠውን ትርጉም እያነሣ የእህቴ ልጅ ሲሥቅ ሰንብቷል።) ኩባንያው የጨዋታውን ማሻሻያ መሣሪያ በነፃ ስለ ሰጠ፥ የፈለገ ሰው ተራራውንም፥ ልብሱንም፥ ሰማዩንም ሊለውጥ ይችላል። ለእያንዳንዷ ጨረቃ ስምንት ሥዕል ተመድቦላታል፤ አንዱ ሙሉ፥ አንዱ ጨለማ፥ ሦስቱ ስትሞላ፥ ሦስቱ ስትጎድል። ስለዚህ ዐሥራ ስድስት ሥዕል የለወጠ ሰው ሁለት ጨረቃ ለወጠ ማለት ነው።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። እናቱ ለሥራ ወደ ኩዌት ከሄደች ጀምሮ ያደገው በእኔ ቤት ነበር። የተጠየቀውን ብቻ የሚመልስ፥ ራቱን በልቶ እናቱ በላከችው ገንዘብ ወደ ተገዛው ኮምፒዩተር የሚዞር ልጅ ነበር። አንድ ምሽት ከኋላው ቆሜ፥ «ይህች ጨረቃ የተቀባች ሳህን ትመስላለች» ብለው፥ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሣ፥ «እንግዲያው ጋሼ ራስዎ ይሥሩልኛ» አለኝ። ለወራት ከእርሱ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይኸው ስለ ነበረ እሺ አልሁት።

ብዙዎች የእኛኑ ጨረቃ ፎቶግራፍ ወስደው ይለጥፋሉ። የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት በሰኔ 2001 ዓ.ም. ወደ ጨረቃ የላካት መንኮራኩር ያነሣቻቸው ሥዕሎች ለማንም ክፍት ናቸውና። ነገር ግን የጨረቃችንን ፊት የማያውቅ የለም። በባዕድ አገር ሰማይ ላይ ያየው ሰው፥ በማያውቀው ቤት ገብቶ የራሱን ጋቢ ተሰቅሎ እንዳገኘ ይሆናል። ስለዚህ ጀርባዋን ወሰድሁ። ጨረቃ ምድርን አንድ ጊዜ ስትዞር በራሷም ላይ አንድ ጊዜ ስለምትዞር፥ የምታሳየን ምን ጊዜም አንዱን ፊቷን ነው። ሌላው ወገን ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶግራፍ የተነሣው በመስከረም 1952 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት መንኮራኩር በሉና 3 ነው። እኛ የምናያቸው ሰፋፊ ጥቋቁር ሜዳዎች በዚያ የሉም ማለት ይቻላል፤ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ሴኩንዳ እንዲህ አድርጋ እውነተኛ የሆነ፥ ነገር ግን በምድር ላይ ቆሞ ማንም ያላየው ፊት አገኘች። ማሰርን ግን በእጄ ቀባኋት፤ ይህም ሁለት ወር ፈጀ።

በመጠን ላይ ተከራከርን። ልጁ ማሰር የሰማዩን እኩሌታ እንድትሸፍን ፈለገ። እኔም እጁን ዘርግቶ የእኛን ጨረቃ በትንሿ ጣቱ እንዲጋርዳት አዘዝሁት፤ የጣቲቱ ውፍረት ግማሽ ብቻ በቃት። ተገረመ፤ አሳቡን ግን አልለወጠም። በዚህ ለቀቅሁለት። በተረት አገር ጨረቃ ብትገዝፍ ማንንም አትዋሽም፤ መጠን የባለቤቱ ፈቃድ ነው።

በብርሃን አቅጣጫ ግን አልለቅም አልሁ። በእኛ አገር አዲስ የወጣች ጨረቃ ብዙ ጊዜ ቀንዷን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ታንኳ ትተኛለች፤ በጨዋታው ሥዕሎች ላይ ግን በጎኗ የቆመች ናት። ልጁ ይህ ስሕተት ነው ብሎ ሊያስተኛት ተነሣ። «እናትህን ጠይቃት» አልሁት። በዚያው ምሽት በስልክ ሲጠይቃት፥ የእርሷ ጨረቃ ከእኛዋ ይልቅ ወደ ጎን ያዘነበለች መሆኗን ነገረችው። ወደ ሰሜን በሄዱ መጠን ጨረቃ ትቆማለች፤ ስካይሪምም የሰሜን አገር ነውና በቆመችበት ተውናት። ያን ዕለት ስልኩ ስለ ጤንነትና ስለ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቀረ፤ ረዘም ያለ ነበር።

ከሁሉ የከበደው የተረቱና የብርሃኑ ጠብ ነው። በዚያ ዓለም ካጂት የሚባሉ ድመት መሰል ሕዝቦች አሉ። ሕፃኑ ሲወለድ ሁለቱ ጨረቃዎች የነበሩበት መልክ የሰውነቱን ዓይነት ይወስናል ይባላል፤ አንዷ ሞልታ ሌላዋ ጎድላ ከሆነ አንድ ዓይነት፥ ሁለቱም ጨልመው ከሆነ ሌላ። ጨዋታው ግን ሁለቱን በአንድ ቁጥር ይነዳቸዋል፤ እያንዳንዱ መልክ ሦስት ቀን እየቆየ በ24 ቀን አብረው ይሞላሉ፥ አብረው ይጎድላሉ። (የእኛዋ 29 ቀን ተኩል ያህል ይፈጅባታል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አንዱን ወር 29፥ አንዱን 30 እያሉ ያቃኑታል፤ ይህ ቁጥር ግን ግማሽ ቀን አያውቅም።) ልጁ ተቆጣ፤ የሴኩንዳን ሥዕሎች ስም አቀያይሮ ከማሰር በሁለት መልክ ወደ ኋላ እንድትቀር አደረገ። ለተረቱ ያደረገው ደግ ነበር። እኔ ግን መብራቱን አጥፍቼ፥ ሁለት ብርቱካን በጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ፥ ከሩቅ በባትሪ አበራሁባቸው። ተቀራርበው የሚታዩ ሁለት አካላት ከአንድ ፀሐይ ብርሃን ሲቀበሉ፥ አንዱ ሞልቶ ሌላው ሊጎድል አይችልም። ልጁ ብርቱካኖቹን ዞሮ ዞሮ ተመለከተ፤ ምንም ሳይናገር ስሞቹን ወደ ነበሩበት መለሰ።

ቀጥሎ ወደ ከዋክብቱ መጣን። ሰማዩን አቋርጦ የሚያልፈውን የብርሃን ጅረት፥ ፍኖተ ሐሊብን፥ እያጠራሁ ሳለሁ፥ «ጋሼ ይህን ይቀንሱት፤ ውሸት መሆኑ ያስታውቃል። ሰማይ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለኝ። ይህ ልጅ ሁለት ጨረቃ፥ ድመት መሰል ሕዝብ፥ እሳት የሚተፉ ዘንዶዎችን ያለ ጥያቄ ተቀብሏል፤ አላምንም ያለው እውነተኛውን ብቻ ነው። ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ የከተማው መብራት ከዋክብቱን አስቀርቶበታል።

ንግግር አላደረግሁለትም። በ2010 ዓ.ም. ለግንቦት ልደታ ወደ እናቴ አገር ወደ መንዝ ይዤው ሄድሁ። ንፍሮው ተበልቶ ጎረቤት ከተበተነ በኋላ፥ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ደጅ ተቀመጥን። ጨረቃ ገና አልወጣችም። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ፍኖተ ሐሊብ ከተራራው በላይ ከፍ ብሎ ነበር፤ እኔ ከሣልሁት ይልቅ ሰፊ፥ በመካከሉም ጥቁር ስንጥቅ ያለበት። ልጁ አንገቱን ቀና አድርጎ ብዙ ቆየ።

«እማማ፥ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አላት አያቱን።

«ምኑ?» አለችው።

ሰባት ሰዓት ሲያልፍ ግማሽ ጨረቃ ወጣች፥ ብርሃኗን ወደ ታች አድርጋ። «ፀሐይ ከሥሯ እየመጣች ነዋ» አለ ልጁ ለራሱ። እርስዋ ከፍ ባለች ቁጥር የብርሃኑ ጅረት ፈዘዘ፤ ጥቃቅኖቹም ከዋክብት አንድ በአንድ ጠፉ።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ፍኖተ ሐሊብን አልቀነስነውም። ነገር ግን ልጁ አዲስ ክስ ይዞ መጣ፤ በስካይሪም ማሰር ሙሉ ሆና ስትወጣ ከዋክብቱ አይፈዙም። የከዋክብቱ ድምቀት የተጻፈው በአየር ጠባይ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው፤ ከጨረቃ ጋር አልተያያዘም፤ የአየሩም ዓይነት ብዙ ነው። ዛሬ ልጁ ሥራ ይዞ ለብቻው ይኖራል። እሑድ እሑድ ሲመጣ፥ ቡና እስኪፈላ ድረስ ሰንጠረዡን እንከፍታለን። እስካሁን የጠራውን ሌሊት ብቻ ጨርሰናል፤ ደመናማውና ጭጋጋማው ይቀራል።