የተጣለ ጣሳና የተናቀ እጅ

አንዱ ተጠቅሞበት የጣለውን ዕቃ ሌላው አንሥቶ ለሥራ ያውለዋል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ የመዶሻውን ድምፅ የሰማ ሰው ይህን አይጠራጠርም፤ በዚያ አሮጌው በርሜል ምድጃ ሆኖ ይወጣል። የኤሌክትሪክ መብራት ባልገባበት ቤት ብዙ ተማሪ ያጠናበት ኩራዝም ከባዶ ጣሳ የተሠራ ነው።

እኔ የምሠራው ግን ከዚህ ቀለል ያለውን፥ ማለት ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የሚበጀውን መጫወቻና ጌጥ ነው፤ አውቶሞቢል፥ አውሮፕላን፥ ፋኖስ።

ሥራው ቀላል ቢመስልም ትዕግሥት ይጠይቃል። የጣሳው ጎን ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እጅ ያህል ስለ ሆነ በተራ መቀስ ይቆረጣል፤ ነገር ግን ጠርዙ ካልታጠፈ እንደ ምላጭ ጣት ይቆርጣል። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ስስ ሽፋን ስለሚያበጅ በእርሳስ ማያያዝ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የአንዱን ቁራጭ ጫፍ በሌላው ቀዳዳ አሾልኮ ማጠፍ ይሻላል። የአውቶሞቢሉ ጎማ ቆርኪ ነው፤ ቆርኪውም በሽቦው ላይ እንዲዞር ቀዳዳው ጥቂት ሰፋ ማለት አለበት። በፊዚክስ ክፍል ስለ ሰበቃ የተማርነው በደንብ የገባኝ በዚህ ሥራ ነው።

አሁን 12ኛ ክፍልን ስጨርስ የብረታ ብረት ሙያ ለመማር አስቤአለሁ። ይህን በቤት ስናገር አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን፥ «ልጄ፥ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኸው ቀጥቃጭ ልትሆን ነውን?» አሉኝ። አባቴ ዝም አሉ። ከዘመዳችን ቃል ይልቅ የአባቴ ዝምታ ከበደኝ።

ይህ ንቀት የቆየ ነው። ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዋን በሙያቸው መስደብ የተለመደ ስለ ነበረ ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ በቀልድ ተሸፍኖ ይኖራል።

በማዳጋስካር ባለ ሙያዎች ከጣሳ የፈረንሳዩን የሲትሮየን አውቶሞቢል በትንሹ አስመስለው እየሠሩ ለአገር ጎብኚ ይሸጣሉ፤ ቤተ ሰባቸውንም ያስተዳድሩበታል። ጣሳው ራሱ ቢሆን ዋጋ አለው፤ አቅልጦ እንደገና ለመሥራት የሚፈጀው ኃይል አዲስ አሉሚኒየም ከማዕድኑ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ከመቶ 5 እጅ ያህል ብቻ ነው። የተጣለ ጣሳ ይህን ያህል ከተከበረ፥ መልክ የሚሰጠው እጅ ስለ ምን ይናቃል?

እንግዲህ ክቡራን ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ከጣሳ የሠራውን አውቶሞቢል ቢያሳያችሁ፥ «ጣለውና መጽሐፍህን ያዝ» ከማለታችሁ በፊት ጎማው ይዞር እንደ ሆነ እዩለት። ቢዞር ልጁ አስቦበታል፤ ባይዞርም የማይዞርበትን ምክንያት ጠይቁት። ይህን መጽሔት ለሚያነቡት ለአባቴም ልመናዬ ይኸው ነው።