አንበሳ አለ ወይ?

«የመጣሁት ከአሶሳ ነው» ያልሁ እንደ ሆነ ከጓደኞቼ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ሁልጊዜ ሁለት ናቸው፤ «ግድቡን አይተኸዋል?» እና «እዚያ አንበሳ አለ ወይ?»። ለመጀመሪያው መልስ አላጣም። ግድቡ ከእኛ ሰፈር ሩቅ፣ ከዓባይ ማዶ በጉባ ወረዳ የሚገኝ ቢሆንም ታሪኩን በቃሌ አውቀዋለሁ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል ገና ፊደል ቆጣሪ ነበርሁ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ አገኘኝ። ቁመቱ 145 ሜትር፣ ኃይሉ 5,150 ሜጋ ዋት፣ የሚይዘው ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ያስቸግረኛል። አንድ ቀን በምግብ አዳራሽ ሳለን «አንበሳማ ሞልቷል!» ብዬ ፎከርሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ሐዘን ተሰምቶኝ «ምን አንበሳ አለ፤ አልቋል እኮ» አልሁ። በሁለቱም ቀን ሰዎቹ አመኑኝ። ያሳፈረኝም ይኸው ነው፤ ሁለቱንም የተናገርሁት ሳላውቅ ነበርና።

ይህን እፍረት ያባሰብኝ የባዮሎጂ ተማሪ የሆነ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ያዋሰኝ አንድ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በጀርመን አገር በሆሄንሃይም ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው የኬንያዊው ተመራማሪ የጆሴፍ ኦጉቱና የባልደረቦቹ ሲሆን፥ የወጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና በሠንጠረዦቹ መካከል እየተደናበርሁ አነበብሁት። ነገሩ እንዲህ ነው። የኬንያ መንግሥት ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሪቱ የግጦሽ ቆላ ላይ እንስሳትን በአይሮፕላን ያስቆጥራል። አይሮፕላኑ ዝቅ ብሎ በቀጥታ መስመር ይበርራል፤ በግራና በቀኝ የተቀመጡት ተመልካቾች በተወሰነ ስፋት ውስጥ የገባውን እንስሳ ብቻ ይቆጥራሉ፤ መንጋው የበዛ እንደ ሆነም ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ከዚያ በኋላ ጠቅላላው በሒሳብ ይገመታል። እነ ኦጉቱ የአርባ ዓመቱን መዝገብ ገልጠው ሲመረምሩ የዱር እንስሳቱ በአማካይ 68 ከመቶ ቀንሰው አገኟቸው። ከርከሮ፣ ቆርኬ፣ ሳላና ሌሎችም ከ72 እስከ 88 ከመቶ ጠፍተዋል።

እኔን ከዚህ ይልቅ ያስደነቀኝ ሌላው ዓምድ ነበር። ያው ተመልካች በዚያው ቀን፣ በዚያው ዐይኑ ከቆርኬው ጋር ፍየሉንም ቆጥሮታል። በዚያው ዘመን በግና ፍየል 76 ከመቶ ሲጨምሩ ግመል በ13 ከመቶ አድጓል፤ የቀንድ ከብት ግን በ25 ከመቶ ቀንሷል። በሰባዎቹ ማብቂያ የቤት እንስሳቱ ጠቅላላ ክብደት ከዱር እንስሳቱ 3.5 እጥፍ ነበር፤ በ2011 እና በ2013 እ.ኤ.አ. መካከል 8.1 እጥፍ ሆኗል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን በአርብቶ አደሩ ላይ ብቻ አልጫኑትም። የሕዝቡ መብዛት፣ የዝናቡ መቀነስና የሙቀቱ መጨመር፣ የመንግሥቱም የአያያዝ ጉድለት አብረው ተቆጥረዋል። ይሁን እንጂ የፍየሉ ቍጥር ዐይኔን አልለቅ አለው። የእኔን የትምህርት ወጪ የምትከፍለው ፍየል ናትና!

ይህን ለመረዳት ስለ ቤታችን ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አያቴ በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ከመጡት ሰዎች አንዱ ናቸው። የወሎ ገበሬ ያለ በሬ ምንም ነው፤ ነገር ግን ያረሱባቸው ሁለት በሬዎች አንድ ክረምት እንኳ ሳይሞላቸው ከሱ፤ ፀጉራቸው ቆመ፤ ሞቱም። ገንዲ ነው። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ በዓባይ፣ በዳቡስና በዴዴሳ ሸለቆዎች ቍጥቋጦ ውስጥ ትኖራለች። ጎሽና ከርከሮ ተውሳኩን በደማቸው ይዘው ሳይታመሙ ሲዞሩ የቤት ከብት ግን ያልቃል። ስለዚህ በምዕራቡ ቆላችን ለብዙ ዘመን የዱር አራዊት ጠባቂ ሆና የኖረችው ደመወዝ የማይከፈላት ይህች ዝንብ ናት ብል ብዙ አልተሳሳትሁም። አያቴም በሬ ቢያጡ ገንዲን ሻል አድርጎ ወደሚችለው ወደ ፍየል ዞሩ። አሁን መድኃኒት አለ፤ ቍጥቋጦውም ለእርሻና ለከሰል እየተመነጠረ ዝንቧ ትሸሻለች። አባቴም ዘንድሮ ፍየል ሸጦ ጊደር ለመግዛት ያስባል። እንግዲህ በኬንያ ከብቱ ቀንሶ ፍየሉ ሲበዛ፣ በእኛ ቤት ደግሞ ከፍየል ወደ ከብት ልንሻገር ነው። አባቴን «ተው» ለማለት የሚያስችል አፍ የለኝም።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት በሄድሁ ጊዜ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ጀመርሁ። የበርታ ተወላጅ የሆኑ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን «ጎሽ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?» ብላቸው ጥቂት አስበው «ትልቋ ልጄ ከመዳሯ በፊት» አሉኝ። ሰርጉ መቼ እንደ ነበረ ብጠይቅ ቤተ ሰቡ በሦስት ዓመት ልዩነት ተከራከረ። አያቴ ሲመጡ የነበረውን ያስባሉ፤ ለእርሳቸው ዱር ማለት ጎሽ ያለበት ነው። ለአባቴ ዱር ማለት ከርከሮ በቆሎውን የሚገለብጥበት ነው። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ማሳ ስጠብቅ ያባረርሁት ዝንጀሮን ብቻ ስለሆነ፣ ዝንጀሮ ካለ ዱሩ ሙሉ ይመስለኝ ነበር። ሦስታችንም በአንድ ማዕድ ተቀምጠን ስለ ሦስት ልዩ ልዩ አገር እንናገራለን። አንዳችንም አልዋሸንም።

አንባቢ ሆይ፥ «ስለ አንበሳው ምን ሆነ?» ትለኝ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሃንስ ባወር ከባልደረቦቹ ጋር ወደ አላጥሽ ሄዶ በራሱ በሚያነሣ ካሜራ አንበሶችን ፎቶግራፍ አስነሣ፤ ዱካቸውንም አገኘ። አላጥሽ በቋራ፣ ከክልላችን ጋር በሚዋሰነው ቆላ የሚገኝ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ፓርክ ሲሆን፥ ከሱዳኑ የድንደር ፓርክ ጋር ይገናኛል። ለሁለቱ በአንድነት ከመቶ እስከ ሁለት መቶ አንበሳ ተገመተ። የውጭ አገር ጋዜጦች «ያልታወቁ አንበሶች ተገኙ» ብለው ጻፉ። የቋራ እረኛ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደ ነበር አስባለሁ፤ በሬውን የበላበትን አንበሳ መቼ ጠፍቶበት ያውቃልና! ይሁን እንጂ ጋዜጦቹን ብቻ መሳቂያ ማድረግ አይገባኝም። እረኛው ያውቃል፤ እውቀቱ ግን ከእርሱ ጋር ያረጃል። የባወር ፎቶግራፍ ቀን አለው። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው «ያን ጊዜ ይህን ያህል ነበር» ብሎ ሊነሣበት ይችላል።

ከግድቡ ኋላ የተኛው የንጋት ሐይቅ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ይህም የአላጥሽን ሰባ ከመቶ ያህላል። ውሃው እንዲሞላ እኔም እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ጓጉቻለሁ፤ ሌሊት የሚያጠና ተማሪ መብራትን አይጠላም። ውሃው በምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ የሚመዘግቡ ሰዎች አሉ። ነገር ግን በሐይቁ ዙሪያ ውሃ ሊጠጣ የሚወርደውን ድኩላና እርሱን ተከትሎ የሚመጣውን መንጋ እንደ ኬንያ በአንድ መዝገብ ላይ አርባ ዓመት ሳያቋርጥ የቆጠረ ሰው በክልላችን የለም። ለመጀመር የሚሻ ቢኖር ግን ዳርቻው ገና አዲስ ነውና አልረፈደበትም።

እኔ አይሮፕላን የለኝም። በክረምቱ ውስጥ ግን አንድ ደብተር ገዝቼ ሁለት ዓምድ አሰመርሁበት። በየማለዳው ከፍየሎቻችን ኋላ እየሄድሁ በአንዱ ዓምድ ፍየሎቹን፣ በሌላው ያየሁትን የዱር እንስሳ እጽፍ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ፍየል 23፣ ከርከሮ 2፣ ዝንጀሮ አንድ መንጋ ሆነ። ማታ አባቴ ደብተሩን አንሥቶ በኩራዝ አየውና ፊቱ ተለወጠ።

«ፍየሎቹን ደግሞ ለምን ጻፍሃቸው? ግብር ሊጭኑብን ነው?»

«አይደለም አባዬ፤ ለራሴ ነው» አልሁት።

ጥቂት ዝም አለና «እንግዲያውስ በትክክል ጻፈው፤ ዳለቻዋ ማታ መንታ ወልዳለች» ብሎ ደብተሩን መለሰልኝ። 23ቱን ሰርዤ 25 አደረግሁት።