የ1 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ዘፈን

ዛሬ የምጽፍላችሁ ሊል ናስ ኤክስ ስለሚባለው አሜሪካዊ ራፐር የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ ነው። «ኦልድ ታውን ሮድ» ይባላል፤ የድሮው ከተማ መንገድ እንደማለት ነው። ፈረስና ባርኔጣ ያለበት ዘፈን ስላችሁ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ነው፤ ልጁ ያኔ 19 ዓመቱ ነበር።

እኔን የገረመኝ የተሠራበት መንገድ ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አቋርጧል። ቢቱን፣ ማለትም ቃል የሚጨምርበትን ሙዚቃ፣ ከኢንተርኔት በ30 ዶላር ገዛ። ቢቱን የሠራው ያንግ ኪዮ የሚባል የኔዘርላንድ ወጣት ነው፤ ሁለቱ አይተዋወቁም ነበር። ያንግ ኪዮ ደግሞ የባንጆውን ድምፅ የወሰደው ናይን ኢንች ኔይልስ የተባለ የሮክ ባንድ በ2008 ካወጣው ሥራ ነው። ባንጆ እንደ ክራር በጣት የሚደረደር ባለ ክር መሣሪያ ነው። የባንዱ ሰዎች ስምም ከዘፈኑ ደራሲዎች ጋር ተጽፏል። (የሰው ግጥም ገልብጣችሁ በስማችሁ የምታስገቡ ልጆች፣ ልብ በሉ!) ሙሉ ዘፈኑ 1 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ብቻ ነው። የጠዋት ሰልፍ ማስታወቂያ እንኳ ከዚያ ይረዝማል።

ከዚያ ክርክር መጣ። ቢልቦርድ የሚባለው መጽሔት ዘፈኖችን በየዓይነታቸው ደረጃ ያወጣል። ይሄን ዘፈን መጀመሪያ ካንትሪ ውስጥ አስገባው፤ ካንትሪ የአሜሪካ የገጠር ዘፈን ነው፣ ስለ ፈረስ፣ ስለ እርሻ ምናምን። በመጋቢት 2019 ግን ካንትሪ አይደለም ብሎ አወጣው። ብዙ ሰው ልጁ ጥቁር ስለሆነ ነው አለ፤ መጽሔቱ ከዘር ጋር አይገናኝም አለ። እኔ ግን ነጭ ቢሆን ኖሮ የሚያወጡት አይመስለኝም። ልጁም ቢሊ ሬይ ሳይረስ ከሚባል የታወቀ የካንትሪ ዘፋኝ ጋር ደግሞ ዘፈነው። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ 19 ሳምንት በአጠቃላይ ደረጃው አንደኛ ሆነ። እስከዚያ ድረስ የነበረው ሪከርድ 16 ሳምንት ነበር።

ይሄ ነገር እኔም ላይ ደርሷል። ባለፈው ሴሚስተር ስለ ውኃ ወረፋ የጻፍኩትን ራፕ ለክበባችን ይዤ ሄድኩ። ግጥም የሚመርጡት ልጆች «ይሄ ዘፈን ነው» አሉኝ። ወደ ሙዚቃዎቹ ስሄድ «ዜማ የለውም፣ ግጥም ነው» ብለው መለሱኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወረቀቴን ይዤ ተመላለስኩ። ራፕ እኮ ቤት ይመታል! ፉከራስ? ሰርግ ላይ ሰው ሲፎክር ይሄ ግጥም ነው ወይስ ዘፈን ብሎ የሚጠይቅ አለ? እልል ነው የሚባለው።

ከሁሉም የወደድኩትን ልንገራችሁ። ኦሃዮ ውስጥ ላንደር በሚባል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆቹ ይህን ዘፈን ሲዘፍኑ የሚያሳይ ቪዲዮ ነበር። ራፐሩ ያንን አይቶ በግንቦት 2019 ድንገት ትምህርት ቤታቸው ሄዶ ዘፈነላቸው። ልጆቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረውት ዘፈኑ፣ ጩኸቱ ጉድ ነው። እነሱ ካንትሪ ይሁን ራፕ ግድ የላቸውም፤ እንደኛው የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው።

የክበባችን ኃላፊዎች፣ የኔ ራፕ 1 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነው። ዓርብ በእረፍት ሰዓት ከዜናው በኋላ ትንሽ ቦታ ስጡኝ። በየትኛው ፕሮግራም እንደምታስገቡት እናንተ ተጨነቁበት።