ማይኩ ነቅቷል ወይ?

የላፕቶፕ ክዳን ሲዘጋ ማሽኑ እንደሚተኛ ሁላችንም እናውቃለን። ማይኩና ስፒከሩ ግን ማሽኑ ሳይተኛም ሥራ ሲያጡ ለየብቻቸው ይተኛሉ፤ ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል። «ቅዳ» ሲባል ደግሞ ማይኩ መንቃት አለበት። ባይነቃስ? የኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ጣጣ እዚህ ላይ ነው።

አንዳንድ ላፕቶፖች የድምፅ መሣሪያዎቻቸውን የሚያገናኙት ሳውንድዋየር በሚባል መስመር ነው። በመሠረቱ ሁለት ሽቦ ነው፤ እስከ 11 መሣሪያ ይሸከማል። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ መሣሪያው የነበረውን ቁጥር ረስቶ በዜሮ ቁጥር ይመጣል፤ ኮምፒውተሩም እንደገና ይመዘግበዋል (ከዕረፍት መልስ ሬጅስትራር በር ላይ እንደምንሰለፈው በሉት)። ድራይቨሩ፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያዝዘው ፕሮግራም፣ ይህ እስኪያልቅ ይጠብቃል። በሊኑክስ አንዳንዶቹ 5 ሰከንድ ይሰጡታል። ጊዜው ካለፈ ጥሩ ድራይቨር ሥራውን አቁሞ ስህተቱን ለጠየቀው ፕሮግራም ይመልሳል። መጥፎው ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

ባለፈው ክረምት መንዝ፣ ዘመሮ ሄጄ አንድ አባት ስለ ባና አሠራር፣ ከበጉ ጠጉር ሽለታ እስከ ሽመናው፣ አጫወቱኝ። መብራት ጠፍቶ ስልኬ ባትሪ ስለጨረሰ የምቀዳው በላፕቶፕ ነበር። ቡና ሲቀርብ አቆምን፤ ኋላ ቀጠልን። ሰከንዱ ይቆጥራል፣ ፋይሉም ያድጋል። ማታ ሳዳምጠው ከቡናው በኋላ ያለው 40 ደቂቃ ጭጭ! በማግሥቱ «አባቴ፣ እባክዎ እንደገና ያጫውቱኝ» አልኳቸው። «ትናንት ነግሬህ የለም እንዴ ልጄ?» አሉና በአጭሩ ደገሙልኝ። ስለ እናታቸው ፈትል የነገሩኝ ግን በዚያው ቀረ።

ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ጓደኛዬ የማሽኑን የውስጥ መዝገብ ከፍቶ አሳየኝ። ማይኩ በተሰጠው ጊዜ እንዳልነቃ እዚያ ተጽፎ ኖሯል። ለኔ ማን ይንገረኝ!

ሌላም ስውር ችግር አለ። ሊኑክስ መሣሪያው ስንት ጊዜ ለሥራ እንደተፈለገ በቆጣሪ ይይዛል። የድሮው የማንቂያ ትእዛዝ መሣሪያው ባይነቃም ቆጣሪውን ይጨምራል፤ ድራይቨሩ ካልቀነሰው መሣሪያው ሥራ ላይ እንዳለ ተቆጥሮ ይቀራል፣ ወደ እንቅልፍ መመለስ የለ፣ ባትሪ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣው አዲስ ትእዛዝ ማንቃቱ ካልተሳካ ቆጣሪውን ራሱ ይመልሰዋል። ስህተቱን ወደ ላይ ማድረስ ግን አሁንም የድራይቨሩ ጸሐፊ ሥራ ነው። መቅጃው ያን ቢሰማ ኖሮ አልቀዳም ይል ነበር፤ እኔም እኚያን አባት ገና ከቡናው እንደተመለስን አስቁሜ ደብተሬን አወጣ ነበር።