የቆመ ውጤት እንዴት ይነሣል?

ከወልድያ ተነሥቶ የድልብን ዳገት በመውጣት ወደ ጋሸና የሚጓዝ መንገደኛ አንድ ነገር ያስተውላል። ዳገቱን ሲወጣ ከፍታው በየመታጠፊያው ይታወቀዋል፤ ከላይኛው ሜዳ ከደረሰ በኋላ ግን፥ መኪናው ከቀድሞው ይልቅ ቢፈጥንም፥ ያው ሜዳና ያው ሰማይ ስለሚታየው የቆመ ይመስለዋል። ትምህርትም እንዲሁ ነው። ጀማሪ ማደጉን በየሳምንቱ ያያል፤ ጥቂት የገፋው ተማሪ ግን ከአንድ ቦታ ሲደርስ ውጤቱ አልነሣ ይለዋል። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምፈልገው፥ ውጤት በምን ምክንያት እንደሚቆምና በምን ብልሃት እንደሚነሣ ነው።

እኔ ትምህርቴን በሁለተኛ ደረጃ ፈጽሜ በመዝገብ ቤት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ስለ ከፍተኛ ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣችኝ ታናሽ እኅቴ ናት። እርሷ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቃ እዚሁ ጋሸና ታስተምር ነበር፤ ከቤታችንም ዩኒቨርሲቲ በመግባት የመጀመሪያዋ ናት። ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለሁለተኛ ዲግሪ መማር የሚሻ ሰው ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እንዲወስድ ስለ ታዘዘ፥ ከማስተማር በተረፋት ጊዜ ትዘጋጅ ጀመር። መቶ ጥያቄ ካለው መለማመጃ በመጀመሪያው ወር 31፥ ከዚያም 38፥ ከዚያም 44 አገኘች። ከዚህ በኋላ 47፥ 46፥ እንደ ገና 47 ሆነ። ሁለት ወር ሙሉ ከዚህ ፈቀቅ አላለም። ሌሊት በጋቢ ተጠቅልላ ታነባለች፤ መጽሐፉን ጨርሳ እንደ ገና ትጀምራለች። አንድ ቀን ማታ፥ «ጋሼ፥ ያነበብሁት ሁሉ ወዴት ገባ?» ስትል ጠየቀችኝ። በዚያው ሳምንት ነገሩን ፈጽማ ለመተው ታስብ እንደ ነበር በኋላ ነግራኛለች።

በመዝገብ ቤት አንድ ደብዳቤ ሲጠፋ ክፍሉን ሁሉ አንገለብጥም፤ የገቢና የወጪ መዝገቡን ገልጠን ከማን እጅ እንደ ቀረ እንመለከታለን። ለእኅቴም ያቀረብሁላት ይህንኑ ነው። በአንድ ደብተር ላይ መሥመር አስምሬ፥ የሳተችውን ጥያቄ ቁጥርና የሳተችበትን ምክንያት እንድትጽፍ አደረግሁ። ከሳተቻቸው 53 ጥያቄዎች ውስጥ ባለማወቅ የተሳቱት 14 ብቻ ሆነው ተገኙ። በ21ዱ ጊዜ አንሷታል፤ 18ቱን ደግሞ የምታውቀው ነገር ሆኖ ሳለ ጥያቄውን አጣማ አንብባዋለች። በተለይም «አይደለም» እና «በስተቀር» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት እየዘለለች ተቃራኒውን ትመልስ ነበር። እንግዲህ ንባብ ብቻ መጨመር የሚጠቅመው ለ14ቱ ነው፤ ለቀሩት 39 ጥያቄዎች ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል።

ይህ ነገር በእኅቴ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ብራያንና ሃርተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1897 እና በ1899 እ.ኤ.አ. ስለ ቴሌግራፍ ተማሪዎች ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። ተማሪው መልእክት በመቀበል ሥራ ጥቂት ካደገ በኋላ፥ ምንም ቢለማመድ ፍጥነቱ ለረጅም ጊዜ ባለበት ይቆማል፤ ከዚያም እንደ ገና ከፍ ይላል። የሰጡትም ምክንያት ይህ ነው፤ ተማሪው በመጀመሪያ ፊደል በፊደል ያዳምጣል፤ ፊደሉ ያለ ሐሳብ የሚሰማው ሲሆን ግን ጆሮው ቃሉን በሙሉ፥ ቀጥሎም ሐረጉን ለመያዝ ነጻ ይሆናል። ስለዚህ ከላይ የቆመ የመሰለው ከታች ያለው ገና ስላልጠነከረ ነው።

ይህን ለማወቅ የዋድላ ሰው ብዙ መራቅ አያስፈልገውም። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር በቅኔ ትምህርት ስሙ የታወቀ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ባለ ሁለት ቤት በሆነው በጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቀን ብቻውን ሲቆጥር ይውልና የራሱን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተበላሸውን ነቅፎ ያርምለታል። የታችኛው ሳይጸና ወደ ላይኛው አይሻገርም፤ ቅኔ ሲቆጠር በመስማት ብቻም ባለ ቅኔ የሆነ የለም።

እኅቴም በዚሁ መንገድ ሄደች። የመቶኛንና የክፍልፋይን ስሌት ያለ ሐሳብ እስክትሠራው ድረስ በየጧቱ ለ20 ደቂቃ ተለማመደች። አንዱ ጥያቄ ሲከብዳት ትታው አልፋ በመጨረሻ መመለስን ለመደች። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ ስለ ሆነም ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረች። በግምት ያገኘችውን ትክክል መልስ እንኳ እንደ ስሕተት ቆጥራ በመዝገቡ አሰፈረችው። በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ውጤቷ ወደ 45 ወረደ፤ አዲስ ልማድ አሮጌውን እስኪተካ እንዲህ ያደርጋልና። ከዚያ በኋላ ግን 52፥ 58፥ በመጨረሻም 61 ሆነ። በፈተናውም አልፋ ዛሬ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት።

ይሁን እንጂ የውጤት ማነስ ሁሉ በተማሪው ልማድ ብቻ የሚመጣ ነው ማለቴ አይደለም። ጋሸና ከ2013 መጨረሻ እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. የጦር ሜዳ ሆና ሳለ ልጆቻችን ከትምህርት ገበታ ተለይተው ነበር። በመላው አገርም በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ደርሰዋል። ያልተገኘ መጽሐፍንና ያልተሰጠ ትምህርትን የስሕተት መዝገብ ሊተካ አይችልም። ነገር ግን የጎደለው ዕውቀት፥ ጊዜ ወይስ ጥንቃቄ እንደ ሆነ ለይቶ ያሳያል፤ ድካምንም ከሚፈለግበት ቦታ ላይ ያውለዋል።

እኔም በበኩሌ የ12ኛ ክፍልን ፈተና በግል ተፈታኝነት እንደ ገና ለመውሰድ በስሜ አንድ ደብተር ከፍቻለሁ። የመጀመሪያው ገጽ በስሕተት ተሞልቷል፤ ምክንያታቸው ግን በአጠገባቸው ተጽፏል። ውጤታችሁ የቆመባችሁ የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፥ አእምሮዬ ደነዘዘ ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት የሳታችሁትን አንድ በአንድ ቍጠሩት። ምክንያቱ የታወቀ ስሕተት ግማሹ ታረመ ማለት ነው።