በቁመት ስንቀመጥ

በእኛ ጊዜ የክፍል መቀመጫ የሚወሰነው በቁመት ነበር። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ጋሼ በር ላይ ያሰልፉንና አጭሩን ከፊት፣ ረጅሙን ከኋላ እያደረጉ ያስገቡናል፤ ዓመቱም በዚያው ይዘልቃል። ነገሩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። በአንድ ክፍል ሰባ ሰማንያ እንሆናለን። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ትልልቆቹ ተማሪዎች ካለቀ የባትሪ ድንጋይ የወጣ ጥቁር ዱቄትና የተወቀጠ ከሰል በጥብጠው ሰሌዳውን ይቀቡታል። ጥቁረቱ ግን ከገና አያልፍም። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ግራጫ፣ ጠመኔው ነጭ ነው፤ ደህና ዓይን ያለውም ልጅ ይቸገራል።

ከኋላ ከሚቀመጡት አንዱ የሰፈሬ ልጅ ነበር። መምህሩ በቃል ሲጠይቁ የሚቀድመው የለም። የማባዛት ሠንጠረዡን ሳይደናቀፍ ያንበለብለዋል፤ የታሪክ ትምህርት አንዴ ከሰማ አይረሳም። ፈተና ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። ዓይኑን ጠበብ፣ ቅንድቡን ቋጠር አድርጎ ያፈጣል፤ 3ን ከ8 መለየት ያቅተዋል። ጥያቄውን ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር ለመገልበጥ ዘንበል ሲል «ኮራጅ!» ይባልና አርጩሜ ያርፍበታል። ከሰዓት በኋላ ራሱን ስለሚያመው ዴስኩ ላይ ይደፋል፤ ይኼ ደግሞ እንቅልፋም አሰኘው። ሰኔ ላይ ደረጃ ሲነገር ስሙ ከመጨረሻዎቹ ጋር ይጠራል። አባቱ ሁለት ዓመት ታገሡ። በሦስተኛው «ይኼ ልጅ ለትምህርት አልተፈጠረም» ብለው ከአራተኛ ክፍል አስወጡትና ከብት ኋላ ዋለ።

የዓይን በሽታ የማይታወቅበት አገር ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ከእኛ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። ዝንብ የወረረው የሕፃን ፊት፣ ጠዋት ጠዋት በማዝ ተጣብቆ በለብታ ውሃ ካልታጠበ የማይገለጥ ዓይን በየቤቱ ነበር። እናቶቻችን በጉያቸው ወረንጦ ይይዛሉ፤ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን የሚፍቀውን ሽፋሽፍት እርስ በርስ ይነቃቀላሉ። ትራኮማ በልጅነት እየተመላለሰ የዓይን ቆብን ከውስጥ አጠባስሶ፣ በጉልምስና ሽፋሽፍቱን ወደ ብሌኑ እንደሚያዞር ያኔ አልተነገረንም። ፀሐይ ስትጠልቅ መንገዱ የሚጠፋበትን ልጅ ደግሞ «ዳፍንት ይዞታል» ይሉና ጉበት ያበሉታል። ትክክል ነበሩ፤ ዳፍንት የቫይታሚን ኤ እጥረት ምልክት ነው፤ ጉበት ደግሞ በዚህ ቫይታሚን የበለጸገ ምግብ ነው።

የሰፈሬ ልጅ ዓይን ግን የጠራ፣ የሚያምር ነበር። አይቀላም፣ አያለቅስም፣ ማዝ የለውም። ችግሩ የዓይን ኳሱ በጥቂቱ መርዘሙ ነው። እንዲህ ሲሆን ከሩቅ የሚመጣው ምስል ሬቲና የሚባለው ስስ ሽፋን ላይ ማረፍ ሲገባው፣ ሳይደርስ ከፊቱ ያርፍና ይደበዝዛል። ደብተሩ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሰሌዳው ጭጋግ ነው። ልጁ ደግሞ አይናገርም። ከተወለደ ጀምሮ ሌላ ዓይን ስላላየበት ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ይመስለዋል። ሌሎቹ አንብበው ሲመልሱ እሱ ሲያቅተው፣ ጥፋቱን ከዓይኑ ሳይሆን ከጭንቅላቱ ይፈልገዋል። እኛም እዚያው ፈለግንለት።

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ መለወጡንም በደስታ እናገራለሁ። በአማራ ክልል ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ማልትራ በሚባለው ዘመቻ የወባና የትራኮማ ሥራ ተጣምሮ መንደር ለመንደር ሲሠራ አይቻለሁ። ጤና ሠራተኞች ምልክት የተደረገበት ዱላ ይዘው ልጆቹን ያቆማሉ፤ የአዚትሮማይሲን መጠን የሚወሰነው በቁመት ነውና። በእኛ ጊዜ ወደ ኋላ መስደጃ የነበረው ቁመት መድኃኒት መለኪያ ሲሆን ማየት ደስ ይላል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት ቫይታሚን ኤ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት መቆፈር የዓይን ጤና ሥራ መሆኑን የገጠር እናት ሁሉ ሰምታለች። ትራኮማ ገና ከአገሪቱ አልጠፋም፤ ግን ጠላት መሆኑ ታውቆ ተዘምቶበታል።

በመነጽር ብቻ የሚስተካከለው ችግር ግን እንዲህ ያለ ዘመቻ አላገኘም። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ሀገር አቀፍ የዓይን ጥናት፣ ዓይነ ስውር ሳይሆኑ እይታቸው ከደከመ ኢትዮጵያውያን ውስጥ ከሦስቱ የአንዱ ችግር በመነጽር የሚቃና መሆኑን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ይህንኑ የሚመለከት ዓለም አቀፍ ዕቅድ ሲያስጀምር፣ መነጽር ከሚያስፈልጋቸው ሩቅ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ተገቢውን ያገኙት 36 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። ይህ የዓለም አማካይ ነው፤ ድሃ አገሮች ከዚያም በታች ናቸው።

ልጁን ለይቶ ማወቁ ከባድ ሥራ ሆኖ አይደለም። «ኢ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እየተገለበጠች የታተመችበት አንድ ሰሌዳና ስድስት ሜትር ቦታ ይበቃል። ልጁ አንዱን ዓይኑን ይሸፍንና የፊደሏ እግሮች ወዴት እንደዞሩ በጣቱ ያሳያል፤ ከዚያ ሌላኛውን። ፊደል ያልቆጠረ የአንደኛ ክፍል ልጅም ይችለዋል፤ አጭር ሥልጠና የወሰደ መምህርም ያካሂደዋል። መምህሩ የሚለየው ማን እንደሚቸገር ብቻ ነው፤ መነጽሩን የሚያዘው ባለሙያ ነው። ባለሙያም ቢሆን እንደ ድሮው ብርቅ አይደለም፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪስቶችን አሠልጥኖ ያስመርቃል። የጎደለው ይህ ሁሉ የገጠሩ ትምህርት ቤት በር ድረስ መድረሱ ነው።

የሰፈሬ ልጅ መነጽር ያገኘው አርባውን ካለፈ በኋላ፣ ለሌላ ሕመም ሆስፒታል ሄዶ ነው። ስንገናኝ ስለ ራሱ ብዙም አላወራም፤ የተጨነቀው ለሴት ልጁ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ሆና ደረጃዋ ሲያሽቆለቁል፣ ቴሌቪዥን ሥር ስትለጠፍ፣ ዓይኗን ጠበብ ስታደርግ ወዲያው ገባው። ትምህርት ቤት ሄዶ «ልጄ ሰሌዳው አይታያትም» ሲል ከፊት ትቀመጥ ተባለለት፤ የሚመረምራት ግን አልነበረም። ዞን ከተማ ድረስ ወስዶ አስመረመራት። «እኔ ስለማውቀው ነው የዳነችው። የማያውቅ አባት ያላት ምን ትሆናለች?» አለኝ።

መነጽሩ ከተገኘ በኋላም መንገዱ ረጅም ነው። መነጽር ቤቶቹ ያሉት በትልልቅ ከተሞች ነው፤ ዋጋውም ለገበሬ ቤት ቀላል አይደለም። ልጆች «ባለ አራት ዓይን» እያሉ ሲያበሽቋት አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። አያት «መነጽር ዓይን ያደክማል» ይላሉ፤ አያደክምም። ሴት ልጅን ባል ያሳጣታል ብሎ የሚሰጋም አለ። ልጅ ሲያድግ ዓይኑም ስለሚለወጥ፣ አንዴ የተሰጠ መነጽር ለዘለቄታው አይበቃም፤ በየጊዜው መታየት አለበት። ስለዚህ አንድ ሰሞን መጥቶ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄድ ዘመቻ ይህን ችግር አይፈታውም።

በጋሼ አልፈርድም። ሰባ ልጅ፣ አንድ ጠመኔና የነጣ ሰሌዳ ይዘው የሚችሉትን አድርገዋል፤ የነገራቸውም አልነበረም። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ልጅ ስናስመዘግብ ጉርድ ፎቶግራፍ እንጠይቃለን፣ የልደት ማስረጃ እንጠይቃለን፤ ማየት አለማየቱን ግን አንጠይቅም። ያቺ የስድስት ሜትር ምርመራ ከምዝገባው ጋር አብራ ትሂድ፤ በየዓመቱም ትደገም። ችግር ያለበት ልጅ ወደ ባለሙያ ይላክ፤ አቅም ለሌለው ወላጅ መንግሥትና ማኅበረሰቡ መነጽሩን ይሸፍኑለት። ይህ ሳይደረግ ሰኔ ላይ የምናድለው ደረጃ የልጆቹን እውቀት በትክክል አይለካም፤ ከመጨረሻ የተጠራው ልጅ ትምህርቱ አልገባውም ለማለትም መብት የለንም።