ዕጣህ ገና አልተነሣም

ወንድምዬ፣ ሆዴ፣

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ነው ደረጃ ሲያይ የሚያስቸግረኝ። ስለኔ አታስብ። እኔ ነኝ ስላንተ የማስበው።

ባለፈው እሑድ ተሰበሰብን። የካሴት ዕቁባችን 40 ዓመት ሞላው። «መስከረም 1978 ዓ.ም.» ብለህ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈትህ መዝገቡ ላይ ያሰፈርከው ቀን፣ ይኸው 2018 ላይ አደረሰን። ከ12ታችን 5 ነበርን የተቀመጥነው። ሦስቱ አፈር ቀምሰዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሦስቱ ልጆቻቸው ጋ ገብተዋል፣ መንገዱ ርቋቸዋል። አሥራ ሁለተኛው አንተ ነህ።

ቡና አፈላሁ። ቄጤማ ጎዘጎዝኩ። ለበዓሉ ደንብ አወጣን፤ ሁሉም ሰው «ይህን ለልጆቼ አውርሱልኝ» የሚለውን አንድ ካሴት ያምጣ፣ ለምን እንደመረጠውም ይንገረን አልን። ከዚያ እንደ ድሮው ዕጣ ጣልን። መጀመሪያ የወጣው ስም ያንተ ነው። ማንም አልተናገረም። ወረቀቱን አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩት። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም እሱን ልሰጥህ ነው።

እስቲ ትንሽ ታገሠኝና ላስታውስህ። እንደረሳህ አስቤ አይደለም። ከሩቅ ሲቆዩ ነገር ይደበዝዛል ብዬ ነው።

የዚያን ዘመን ማታ አትርሳ። ሰዓት እላፊ ነበር። ከተማው ጨለማ ሲሆን ሁሉም በሩን ይቆልፍ ነበር። ባንዱ ሁሉ የሚጫወትበት የሌሊት ጭፈራ ቤት ጠፍቶ ነበር። ሸክላ መታተም ካቆመም ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። የቀረን ካሴት ነው። ካሴት በኪስ ይገባል፣ በካፖርት ሥር ይደበቃል፣ ድምፁን ቀንሰው ከቤተሰብ ጋር ያዳምጡታል። ግን ከአንዳችን ደሞዝ ለአንድ ካሴት እንኳ አይተርፍም ነበር። ለዚህ ነው ዕቁቡን ያሰብከው። በ18 ዓመትህ! «ገንዘብ ባይኖረን ጆሮ አለን» አልከን። እሑድ በ9 ሰዓት እየተሰበሰብን፣ ያለንን ካሴት ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጥን፣ ዕጣ የደረሰው መጀመሪያ እየመረጠ ይወስድ ነበር። የአንዋር አዛን ሲሰማ ጨዋታው ጋብ ይላል፤ የራጉኤል ደወል ሲደወል እማዬ ታማትባለች። ከዚያ ሁሉም ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ወደ ቤቱ ይሮጣል።

ደንቡንም አትርሳ፤ አንተው ነህ የጻፍከው። የወሰደ ሰው ፊቱንም ጀርባውንም እስከ መጨረሻው ይስማ። ሲመልስ አንድ ነገር ይናገር። ክር የበጠሰ ለሁሉም ሻይ ይግዛ። ቴፑ ክሩን ሲበላው እንዴት እንደምታድነው እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ክሩን በጥፍርህ ጫፍ ቀስ አድርገህ ታወጣዋለህ፣ መጨማደዱን በጣትህ ታቀናዋለህ፣ ከዚያ ቢክ እስክሪቢቶ ቀዳዳው ውስጥ አስገብተህ ታዞረዋለህ። ትንፋሽህን ይዘህ። እስክሪቢቶው እየተሽከረከረ ክሩ ሲገባ፣ እኔም አብሬህ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

አንዴ ደግሞ አሥር ግልባጭ ገልብጠህ ለሱቅ ልትሰጥ ያሰብክ ጊዜ ታስታውሳለህ? የዕቁባችን ዳኛ አስቁሞህ «ማዋስ ሌላ፣ አባዝቶ መሸጥ ሌላ፤ ዘፋኙም ልጅ አለው» አለህ። ፊትህ ቀላ። ሁሉንም መለስክ። እኔ ያን ቀን ነው የኮራሁብህ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ከመውጣቱ ዓመታት ቀድመህ የገባህ ነገር ነው። ዛሬ ልጆቹ ሁሉንም በስልክ ያወርዳሉ። አልቆጣም። ግን ዘፋኙ ራሱ የሚሸጥበትን ቦታ እየፈለጉ እንዲገዙ እነግራቸዋለሁ፤ ካንተ ነው የተማርኩት።

አሁን ያመጣናቸውን ካሴቶች ልንገርህ። ጆሮህን ስጠኝ።

አንደኛው የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ነው። የኛው የመርካቶ ልጅ ነው፤ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ሲጠርግ ያደገ። አሪዞና ክለብ ተቀጥሮ ሲላላክ፣ አንድ ማታ ዘፋኞቹ ሳይመጡ ሲቀሩ «እስቲ ልሞክር» ብሎ ዘፈነ፤ ከዚያ ክብር ዘበኛ ባንድ ገባ። አልበሙን አሊ ታንጎ በካይፋ ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1975 አሳተመው፤ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጂየም ውስጥ እንደገና ታትሞ ነው ዓለም «ይህ ሰው ማነው?» ያለው። ይኸኔ የኛ ዕቁብ አንደኛ ዓመቱን እየሞላ ነበር፤ እኛ ግን ቀድመን በቃላችን ይዘነው ነበር። የሰፈራችን ሰው ነው፣ ለልጆችህ ንገራቸው። ከዚህ አቧራ ነው የወጣው በላቸው።

ሁለተኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። ያመጣችው ያቺ በዕቁቡ ቀን የማትናገረው ጓደኛችን ናት። እማሆይ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ ግሸን ማርያም መነኮሱ። የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን ታተመ፤ ገቢው ለችግረኞች ነው የዋለው። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ኢየሩሳሌም አረፉ፤ 99 ዓመታቸው ነበር። ጓደኛችን «ሰው ሲከፋው ምንም ቃል አያስፈልገውም፤ ይህን ክፈቱለት» አለች። አየችኝ። ስላንተ ነው የተናገረችው።

ሦስተኛውን እኔው አመጣሁት። የጂጂ ነው፤ የጎጃሟ የእጅጋየሁ ሽባባው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው በስሟ የተጠራው አልበም። ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር የተጫወቱበት። አንተ ያኔ ሄደሃል። ስሰማው ያገሬ ሽታ ሩቅ አገር ሄዶ የተመለሰ ይመስለኛል። ለልጅህ አሰማት፤ በአማርኛ ልታወራ ካፈረች ጂጂ ትረዳታለች።

አራተኛው የአስቴር አወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው «አስቴር»። አምስተኛው ላይ ግን ቆየት ልበል። አምስተኛው ካንተ ካርቶን የወጣ ነው።

ካርቶንህን ጠብቄልሃለሁ። ግቢያችን ሲፈርስ መጀመሪያ ያወጣሁት እሱን ነው። ሰው ሣጥን ሲሸከም እኔ ካሴት ስሸከም የሳቁ ነበሩ። እርጥበት እንዳይገባው በላስቲክ ጠቀለልኩት። ክሩ እያረጀ ነው፤ አንዳንዱ ሲዞር ይጮሃል። ከምናለሽ ተራ አሮጌ ቴፕ ገዛሁና ልጄ አንድ በአንድ ወደ ስልክ ገለበጠልኝ። ድምፁ ብቻ ሳይሆን ሽፋኑንም ፎቶ አነሣ፤ ማን ጊታር እንደመታ፣ ማን ሳክስፎን እንደነፋ የተጻፈበትን። ስም የሌለው ዘፈን የማን ልጅ እንደሆነ ያልታወቀ ሕፃን ነው፤ ያንተ ንግግር ነው።

አምስተኛው፣ ከካርቶኑ ሥር የተገኘው፣ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነው። እ.ኤ.አ. የ1985ቱ። አኮርዲዮኑ ከኪቦርዱና ከከበሮ ማሽኑ ጋር። ከዋልያስ ባንድ ጋር «ጨ በለው»ን እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው ሰው፣ በሂልተን ሆቴል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ አሜሪካ ለጉዞ ሲሄድ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ሆኖ ብቻውን ይህን ካሴት ሠራ። ከዚያ ታክሲ ነዳ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ሰው እያመላለሰ፣ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ይጫወት ነበር። ሙዚቃውን ግን ሰው ረስቶታል ብሎ ያስብ ይሆናል። ካሴቱ አልረሳውም። ባሕር ዳር አንድ ፈረንጅ አገኘውና ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በሸክላ ታተመ፤ ኃይሉም መድረክ ላይ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። ካንድ ሰው እጅ ወደ ሌላ ሰው እጅ ስለተዋዋሱት ነው ያልሞተው። ይኸውልህ የዕቁባችን ምሥጢር። የተዋሰ ነገር አይጠፋም፤ የተቆለፈበት ነው የሚጠፋው።

ይህን የምነግርህ አንተም እዚያው ከተማ የመኪና መሪ ላይ ስለሆንክ ነው። ደክሞኛል እትዬ ትለኛለህ፤ አውቃለሁ። ሬዲዮ እንኳ አትከፍትም አሉኝ። እማዬን ከቀበርንባት ቀን ወዲህ ድምፅህ ቀጥኗል። ስልክ ሲጠራ አታነሣውም። ለቀብሩ ያለመድረስህ ጥፋት ያንተ አይደለም፤ እሷም ታውቀዋለች። ስንት ጊዜ ልበልህ? ራስህን ይቅር በል።

እንካ አንድ ነገር ልስጥህ። በ«ጨ በለው» ካሴት ሽፋን ወረቀት ላይ ያዋስናቸውን ሰዎች ስም በተራ ጽፈህ ነበር፤ ቀኑን ጨምሮ። ዘጠኝ ስም አለበት። ከዘጠኙ በታች ምንም ስም የለም፤ ቡናማ ክብ አለ። ምን እንደሆነ ገባህ? የሲኒ አሻራ ነው። እማዬ መጻፍ ስለማትችል፣ አንተ «እማዬ ተረከቢ፣ ፈርሚ» ስትላት፣ ሲኒዋን አንሥታ ወረቀቱ ላይ ደቀነችው። «ይኸው ፊርማዬ» አለች። ሁላችን ሳቅን። አንተ ግን በሥርዓቱ «ተረክባለች» ብለህ አጠገቡ ጻፍክ። ወሰደችው፤ በምድጃዋ አጠገብ ፊቱንም ጀርባውንም ሰማችው። ስትመልስ ምን እንዳለች ታስታውሳለህ? «ዘፈን የሚባል የለበትም፣ ግን ሁሉ የሚናገር ነው» ነው ያለችህ።

ወረቀቱን አልላክልህም። በፖስታ ይጠፋል ብዬ እፈራለሁ። ፎቶውን ልጄ ልኮልሃል፤ ክፈተው። ክቡን አይተህ አልቅስ፤ ከዚያ ተነሥተህ ፊትህን ታጠብ።

ወንድምዬ፣ የኔ ጌታ፣ ሁለት ነገር ቃል ግባልኝ።

አንደኛ፣ በቀን አንድ ካሴት ሙሉውን ስማ። ዘፈን እየዘለልክ አትስማ። እስከ መጨረሻው። መንገድ ላይ ከሆንክ ሥራህን ስትጨርስ፣ መኪናውን አቁመህ። አምሃ እሸቴን አስበው፤ ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ፣ ገና በሃያዎቹ እድሜው ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ፤ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። ሀገር ቀይሮ ተሰደደ፤ ተመልሶ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. አረፈ። እሱ ቢፈራ ኖሮ ያንን ድምፅ ማን ያስቀምጥልን ነበር? አንተም ባትሰማው ለማን ይተርፋል?

ሁለተኛ፣ ዕጣህን አንሣ። ስምህ ነው የወጣው፤ ሰው በአንተ ፋንታ ሊያነሣው ጠየቀኝ፣ እንቢ አልኩ። «ይህን ለልጆቼ አውርሱልኝ» የምትለውን አንድ ካሴት ንገረን። የጥላሁን ይሁን፣ የሙሉቀን መለሰ ይሁን፣ የሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው» ያለበት ይሁን፣ የሚያስደስትህን አንተ ታውቃለህ። ረጅም ነገር አልጠይቅህም። የካሴቱን ስምና ምክንያቱን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር።

በመጪው እሑድ በ9 ሰዓት እንሰበሰባለን። እናንተ ጋ ገና ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ልጄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያቆመዋል። ካሴቶቹን እንደ ድሮው እንደረድራለን። ለአንተ ቦታ ትቻለሁ፤ ከመስኮቱ አጠገብ፣ እንደ ድሮ ቦታህ። ደውልልን። ድምፅህን ስሰማ መቀነቴን ፈትቼ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረዋለሁ።

ባትደውል ደግሞ አላነሣውም። ለሚቀጥለው እሑድ አቆየዋለሁ። ከዚያም ለሚቀጥለው።

ልብስህን ደራርብ። ብላ። ልጅህን ሳምልኝ።

እትዬህ፣
ከመርካቶ